ቅሬታ፦ ኤሲው ያፏጫል

ሰኞ

ደንበኛ፦ ባለቤቴ።
ማሽን፦ የመኝታ ቤቱ ኤሲ፤ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ።
ቅሬታ፦ ያፏጫል።
ምርመራ፦ አያፏጭም።

ሠላሳ አንድ ዓመት የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ሆኜ ስሠራ መዝገቤን የሞላሁት በዚህ መልክ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ከወርክሾፑ ይዤ የወጣሁት አንድ ያልተጻፈበት መዝገብና አንድ ካቻቪቴ ብቻ ነው። የካቻቪቴው የእንጨት እጀታ ላይ የአውራ ጣቴ ቅርጽ ስለወጣበት ማንም የመሥሪያ ቤቱ ነው ብሎ አልያዘኝም። መዝገቡም ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብዬ ዛሬ ከፈትኩት።

ሙቀቱ ገብቷል። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። እሜቴ ነው የምላት፤ ስንጋባ ለቀልድ የጀመርኩት ነው፣ ቀልዱ አርጅቶ ስም ሆነ። ኤሲ ያለው መኝታ ቤት ብቻ ስለሆነ የስፌት መኪናዋም እዚያው ነው። ዘንድሮ ለአንዲት ሙሽራ ሚዜዎች አራት የሳቲን ቀሚስ ይዛለች። ሳቲን ላብ አይወድም፣ ጠብታ አይወድም፣ እኔንም አይወደኝም፤ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር እጅህን ሰብስብ እባላለሁ።

ጠዋት ይሄ ነገር ማፏጨት ጀምሯል አለችኝ። በረንዳ ወጥቼ የካቻቪቴውን ጫፍ ኮምፕረሰሩ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ከጆሮዬ ጀርባ ያለው አጥንት ላይ አደረግሁ። ይህ የሙያችን ዘዴ ነው። ድምፁ በብረቱ መጥቶ በአጥንት ይገባና የማሽኑን ሆድ ዕቃ ቁልጭ አድርጎ ይነግርሃል። ኮምፕረሰሩ እንደ ጎረምሳ ልብ ይመታል። ጤነኛ ነው አልኳት።

"እኔ ውስጥ ነው ያልኩህ። ውጭውን ማን ጠየቀህ?"

ገብቼ ከሥሩ ቆምኩ። አንገቴን ቀና አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ምንም የለም።

ረቡዕ

ለማንኛውም ብዬ ፊልተሩን አወጣሁት። አመድ የመሰለ አቧራ ለብሷል። ለብ ባለ ውሃ አጥቤ ጥላ ውስጥ አደረቅሁት። ይህን ማንም ሰው በቤቱ ማድረግ ይችላል፤ በሙቀት ወራት በየሁለት ሳምንቱ ቢያደርገው ደግሞ ይመረጣል። ስንቱ ደንበኛ ነው ለዚህች አቧራ ብሎ ከምሳዬ ያስነሳኝ።

ባለሙያ መቼ ይጠራ ሲሉኝ ሦስት ነገር እነግራቸው ነበር። አንደኛ፣ ያው ብልሽት ሁለት ጊዜ ከተመለሰ። ሁለተኛ፣ የምታውቀውን ሁሉ አድርገህ ለውጥ ካላየህ። ሦስተኛ፣ ለማሽኑ ሰበብ መስጠት ከጀመርክ። "ሙቀቱ በዝቶበት ነው"፣ "መብራቱ ደክሞ ነው" ማለት ከጀመርክ በዚያው ቀን ደውል። በሦስተኛው ሁሉም ይስቁ ነበር።

እሜቴ አሁንም ያፏጫል ትላለች።

ዓርብ

ልጃችን ደወለች። የዘንድሮ ስልክ ድምፁ እየሞተ ሄዷል፤ መስመሩን የሚያየው ሰው ያለ አይመስለኝም። ደህና ነሽ፣ ደህና ነን፣ እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው ብዬ ለእሜቴ አቀበልኩ።

ማታ ጎረቤታችን ግድግዳውን ደበደበ። ቴሌቪዥኑ ጮኸብኝ ማለቱ ነው። እኔ ዜናው ላይ ስለነበርኩ መደብደቡን የነገረችኝ እሜቴ ናት። ሰውየው ድሮም ነገር ይወዳል። ዜና አንባቢዎቹም ቢሆኑ እንደ ድሮዎቹ አፋቸውን ሞልተው አይናገሩም፤ ሰው ምን ያድርግ?

ሰኞ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ቸኩያለሁ። ውሃ። ከኤሲው ሥር ጠብ ጠብ እያለ አንዱ ቀሚስ ላይ። ክዳኑን ስከፍት ውስጡ በረዶ ሠርቷል። ማታ እጽፋለሁ።

ሰኞ ማታ

ቀሚሱ ወገቡ ላይ ጣት የሚያህል ምልክት ወጥቶበታል። እሜቴ ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ አጠፈችው፣ ከመደርደሪያው ጫፍ አስቀመጠችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በረዶ የሚሠራው ወይ አየር ሲያጥረው ወይ ጋዝ ሲያንሰው ነው። አየሩ እንዳይባል ፊልተሩ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ጋዙ ነው። ጋዝ ደግሞ እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ አያልቅም፤ ካነሰ በሆነ ቦታ አምልጧል ማለት ነው። ማሽን በአጥንት ይሰማል፣ የጋዝ ማምለጥ ግን በባዶ ጆሮ ነው። እኔ በዚህ ነበር የታወቅሁት። ወርክሾፑ ውስጥ ስሜን ትተው "ጆሮው" ነበር የሚሉኝ። ሌሎቹ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀብተው አረፋው እስኪነፋ ይጠብቃሉ፤ እኔ ሳሙና ለጀማሪ ነው እያልኩ አላግጥባቸው ነበር።

ዛሬ ወንበር ላይ ቆሜ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ጆሮዬን ደቀንኩ። ዝም። የሚያመልጥ የለም ማለት ነው። ጋዝ ሞላሁለት።

ይህን ስጽፍ አፈርኩ። የሚያፈሰውን ሳያገኝ ጋዝ የሚሞላ ተለማማጅ ባገኝ ሳምንቱን ሙሉ መሬት አስጠርገው ነበር። ለአንድ ጊዜ ነው ብያለሁ።

ሐሙስ

ቀዘቀዘ። እሜቴ ነጠላ ደርባ ነው የምትሰፋው። እንደ አሸናፊ ጎምለል እያልኩ በአጠገቧ አለፍኩ። ፈገግ አለች፣ ግን ከአንገት በላይ።

እሑድ ማታ

ስለ ማሽን ሳይሆን ስለ እሷ ልጽፍ ነው። ደብተሩ ይቅር ይበለኝ።

እሜቴ ቀን ቁጥብ ናት። ወሬዋ የሚመጣው መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ነበር። ቀን የሰበሰበችውን ሁሉ በጨለማ ታራግፈዋለች፦ ማን ወገቧ ሰፍቶ ቀሚሷን እንዳስፈታች፣ የቁልፍ ሻጩ እንዴት እንደሸወዳት፣ የልጃችን ባል ምን እንዳለ። እኔ ኮርኒሱን እያየሁ እስቃለሁ። እንቅልፍ የሚወስደኝ በድምፅዋ ነበር።

አሁን ተወችው። መብራቱ እስካለ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታወራኛለች፣ ደህና ነን። መብራቱ ሲጠፋ ዝም። መቼ እንደጀመረ ራሱ በደንብ አላውቅም፤ ከጡረታዬ ወዲህ ይመስለኛል። ቀን ከሌት ቤት ስውል ሰልችቻት ይሆናል እላለሁ። ደግሞ የቀሚሱ ነገር አለ።

ዓርብ ማታ ፍራሹ ሲንቀሳቀስ ወደ እኔ እንደዞረች ገባኝ። ትንፋሿ ትከሻዬን ነካው። አንድ ነገር ያለችኝ መሰለኝ። "እህም" አልኩ። እህም ለሁሉም ነገር ይሆናል፤ ሰሞኑን በእህም ነው የምኖረው። ትንሽ ቆይታ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሰው ሁሉ እያልጎመጎመ ነው የሚያወራው። ዛሬ ልቤ ቢከፋው ጊዜ በረንዳ ወጥቼ ካቻቪቴውን ኮምፕረሰሩ ላይ ደግፌ ቆየሁ። በዚህ ቤት ቃሉን ሳይውጥ የሚናገር እሱ ብቻ ቀርቷል።

ማክሰኞ፣ ሦስተኛ ሳምንት

በረዶው ተመልሷል። ያው ቦታ። የዘንድሮ ሙቀት እኮ ለየት ያለ ነው፤ አሮጌ ማሽን በዚህ ሙቀት ምን ያድርግ? ለሁለተኛ ጊዜ ሞላሁ። ለእሜቴ አልነገርኳትም፤ የጋዝ መለኪያውን ከሳሎን ወንበር ሥር ደበቅሁት። በዚህ ዕድሜዬ ዕቃ እደብቃለሁ።

ረቡዕ

እሜቴ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ቃሉን እያንዳንዱን ለየት እያደረገች "ሽቦን ጥራት" አለችኝ።

ሽቦ ተማሪዬ ናት። ስትመጣ ክስት ያለች ልጅ ስለነበረች ሽቦ አልናት፤ ዛሬ ክሳቷ ጠፍቷል፣ ስሟ ግን አልለቀቃትም። የራሷ ወርክሾፕ አላት፣ በሥሯ አራት ሰው ይሠራል። እጇን ይዤ ቱቦ ማጠፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን መጥታ የገዛ መኝታ ቤቴን ኤሲ ልትጠግንልኝ? አይሆንም አልኩ። ችክ አልኩ።

"ጆሮ ዳባ ልበስ ማለቱን መቼም ትችልበታለህ" አለችኝና ጨርቋን አቅፋ ወደ ሳሎን ወጣች።

ቅዳሜ

ሳሎን ነው የምትሰፋው። ቬንቲሌተሩ ትኩስ አየር ነው የሚያማስለው። ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጥላ፣ ሁለት ስንዝር በሰፋች ቁጥር እጇን ትጠርጋለች። አንጀቴን በላችው። በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ከኋላዋ ሄጄ ማጅራቷ ላይ አደረግሁላት። ደነገጠች፣ ከዚያ ትከሻዋ ዝቅ አለ። እንደዚያ ሆነን ትንሽ ቆየን። በወር ውስጥ እንዲህ አልተቀራረብንም ነበር።

ከዚያ ራሷን ሳታዞር የሆነ ነገር የተናገረች መሰለኝ፤ ጉንጯ ሲንቀሳቀስ አየሁት። "እህም" አልኩ።

እጄን ከማጅራቷ አንስታ ወደ ጎን አደረገችው። ቀስ ብላ ነው፤ በቁጣ አይደለም።

ምን አጠፋሁ?

ሰኞ፣ አራተኛ ሳምንት

ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል። አራቱ ቀሚሶች በነጭ አንሶላ ተጠቅልለዋል።

ወዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ልጃችን ቤት፣ ሙቀቱን አልቻልኩትም፣ ሥራው አይደርስልኝም አለች። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች ተናገረች።

"ለነገሩ ያን ዕለት ማታ ጠይቄህ መልሰህልኛል።"

ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ፈጽሞ አላውቅም። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ግን ከእኔ ቀድማ "አዎ፣ ትዝ ይለኛል" አለች።

እሜቴ ራሷን ነቀነቀች። ሻንጣውን ራሷ ዘጋችው። ታክሲ ድረስ ተሸከምኩላት። ስንለያይ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ፤ ጠላኝ ብላ የሄደች ሴት ኮሌታ ታስተካክላለች? አታስተካክልም። ወይስ ታስተካክላለች?

ማክሰኞ

ሻይ አፈላሁ። ሁለት ብርጭቆ አቀረብኩ። አንዱን መለስኩ።

ሐሙስ

ልጃችን ጽፋ ላከች፤ "አባዬ ስልክ ስደውል ለምን አታነሳም? ከትናንት ጀምሮ ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩ" ትላለች። ስልኩ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጥሪው ተበላሽቷል ብዬ መለስኩላት።

ኤሲው በረዶ ሠርቷል። ሦስተኛ ጊዜ።

ቅዳሜ

ጋዙን ይዤ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ሦስተኛ ልሞላ ነበር። ቱቦውን ሳስጠጋ እጄን አየሁትና ወረድኩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። በባዶ ቤት ውስጥ አሮጌ ማሽንን በጋዝ እየሸነገለ የሚኖር ሰው ሆንኩ። ሰኞ ሽቦ ጋ እሄዳለሁ። በእግሬ ነው የምሄደው፤ ስልኩ አይታመንም።

ማክሰኞ፣ አምስተኛ ሳምንት

ቀስ ብዬ፣ ምንም ሳላስቀር መጻፍ አለብኝ።

ትናንት ወርክሾፗ ስደርስ ሽቦ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ሁለት እጄን ያዘች። "ጋሼ" ብላ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ቀርታለች፤ ሌሎቹማ የስንብት ዳቦዬን በልተው ረሱኝ። አፍሬ አፍሬ ነገርኳት። አልሳቀችም፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ አለች።

ዛሬ ጠዋት መጣች። ኤሲውን ከፍቼው ነበር። የሳሎኑን በር ከፍቼ ሳስገባት ቦርሳዋን እንደያዘች ደፍ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከዚህ ይሰማል።"

ምኑ አልኳት።

"ማፏጨቱ ነዋ።"

መኝታ ቤቱ በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ክው ብዬ ቆምኩ። እሷም ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከዚያ እስቲ ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉልኝ አለችኝ። ዞርኩ። ከውጭ አንዲት ሴትዮ ምንጣፍ ታራግፋለች። ቆይቼ ቆይቼ ዘወር ስል ሽቦ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

"ሦስቴ ጠራሁዎት" አለችኝ።

ተቀመጥኩ። እሷ አልተቀመጠችም፤ ወንበሩ ላይ ወጥታ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀባች፣ ከዚያ ይምጡ ይዩ ብላ ጠራችኝ፤ በእጅ ነው የጠራችኝ። ከኤሲው ጀርባ፣ የመዳቡ ቱቦ በሚገጥምበት ላይ አረፋው እየነፋ ይፈነዳል፣ እየነፋ ይፈነዳል። ጆሮዬን ደቅኜ ዝም ያልኩት እዚያው ላይ ነው። በዚያ ቅርበት እንኳ አልሰማሁትም።

የተሰነጠቀውን የቱቦ ጫፍ ቆረጠች፣ አዲስ አፍ አወጣችለት፣ አጠበቀች፣ እርጥበቱን በፓምፕ መጠጠች፣ ጋዙን በልክ ሞላች። እኔ ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ። ሥራዋ ልቅም ያለ ነው። ኩራት ተሰማኝ፤ ከኀፍረቱ ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል ለካ።

ስትጨርስ አጠገቤ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ነገረችኝ። ወርክሾፕ እያለሁም ከኋላ ሲጠሩኝ አልመልስም ነበር። ሥራ ይዞት ነው ይሉ ነበር። ካቻቪቴው ስላለ አንድም ማሽን አምልጦኝ ስለማያውቅ ማንም አልጠረጠረም፤ እኔም ጭምር።

"ሦስተኛውን ምክር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ለማሽኑ ሰበብ መስጠት ሲጀመር የሚለውን።"

እሷን ከሸኘሁ በኋላ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ አንብቤዋለሁ። ስልኩ። መስመሩ። ጎረቤቱ። ዜና አንባቢዎቹ። ሰው ሁሉ ሲያልጎመጉም። ጨለማው። የጨለማው ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። እሜቴ ዝም አላለችም ነበር። በጨለማ አፏን ማየት ስላልቻልኩ ነው።

ሐሙስ

አንዲት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሹካ የመሰለች ብረት አለቻት፤ መታ አድርጋ ጆሮዬ አጠገብ ያዘችው። ምንም። ከዚያ የብረቷን ግንድ ከጆሮዬ ጀርባ አጥንት ላይ አሳረፈችው፣ ጥርት ብሎ ጮኸ።

"ካቻቪቴዬ!" አልኩ ሳላስበው።

ምን ማለቴ እንደሆነ ሳስረዳት በሳቅ ወንበሯን አሽከረከረች። ከዚያ ጻፈችልኝ፤ ስትናገር አንዳንዱ ስለሚያመልጠኝ እንድትጽፍልኝ ለመንኳት፤ መለመን የመጀመሪያዬ ነው። ነርቩ ደህና ነው። ከመሃል ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ደርቀው ድምፁን አያሳልፉም። በአጥንት የሚያሰማ መሣሪያ ይሠራልኛል፣ በሦስት ሳምንት ይደርሳል። ለምን ቶሎ አልመጡም አለችኝ። ሰው ያልጎመጉማል ብዬ ነበር አልኳት።

ዓርብ ማታ

በአውቶቡስ ልጃችን ቤት ሄድኩ። ካቻቪቴው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ ባዶ እጄን መሄድ ስለፈራሁ ይሆናል።

እሜቴ የመጨረሻውን ቀሚስ ጠርዝ በእጇ ትሰፋ ነበር። ልጃችን አየችንና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ከፊት ለፊቷ፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ተቀመጥኩ።

"ያን ዕለት ማታ ምን ብለሽኝ ነበር?"

"ትዝ ይለኛል አላልክም?"

"ዋሸሁ።"

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ከንፈሯን እያየሁ ጠበቅሁ።

"'ሰለቸሁህ ወይ?' ነው ያልኩህ። 'እህም' አልከኝ።"

ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ይህን እህም ይዛ ነው የዋለች ያደረችው። ኮሌታዬን ያስተካከለችው ይህን ይዛ ነው።

ነገርኳት። አረፋውን፣ ሽቦን፣ መስኮቱን፣ የሐኪሟን ብረት፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ጋር ሳወራ ነበር ወይ አለች። ስለ በረዶው ጨርቅ ጠየቅኳት፤ ያኔ ጀርባዋን ሰጥታኝ ምን እንዳለችኝ። "ደግሜ ልጠይቅህ፣ ሰለቸሁህ ወይ ብዬ" አለች። ያንንም እህም ብዬዋለሁ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እያለቀሰች መስሎኝ ስጠጋ ለካ ሳቅም አለበት። ሁለቱንም አብራ ነበር የምታደርገው፤ ትከሻዋ ላይ እጄን አደረግሁ፣ አላነሳችውም።

ልምጣ ወይስ ትመጫለሽ አልኳት። ቀሚሶቹን ነገ ረፋድ ላይ አስረክባ እንደምትመጣ ነገረችኝ። ስወጣ ከኋላዬ ተጣርታ ነበር አሉ። ልጃችን ሮጣ እጄን ያዘችኝና ወደ እናቷ አዞረችኝ። እሜቴ ፊት ለፊት አየችኝና ኮትህን በደንብ ቆልፍ አለችኝ። በዚህ ሙቀት።

እሑድ ጠዋት

ደንበኛ፦ ባለቤቴ።
ማሽን፦ የመኝታ ቤቱ ኤሲ።
ቅሬታ፦ የለም።

እሜቴ ትናንት ከሰዓት መጣች። በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች፣ አያፏጭም አለች፣ ሽቦን ራሷ ደውላ አመሰገነቻት። ውሃ የነካውን ቀሚስ ወገቡን ቆርጣ በሌላ ሳቲን ተክታው ነበር፤ የተቆረጠችው ቁራጭ ከዕቃዋ ጋር ተመልሳለች። ማታ ከሻንጣዋ አወጣችና የካቻቪቴውን ጫፍ በእሷ ጠቀለለችው። ምን ልታደርጊ ነው ስላት ወደ አልጋው ጎተተችኝ። መሣሪያው ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ እሜቴ ደግሞ መጠበቅ አትወድም።

መብራቱን አጠፋች። በጨለማ ዞራ እጀታውን እጄ ላይ አስቀመጠችው፣ የተጠቀለለውን ጫፍ ወደ ራሷ ሳበችው። ገባኝ። እጀታውን ከጆሮዬ ጀርባ አሳረፍኩት። ጫፉ ጉንጯ አጥንት ላይ ሲያርፍ የጥርሷን መግጠም እንኳ ሰማሁት።

ከዚያ እሷ መጣች። ድምፅዋ አላረጀም። በብረቱ ውስጥ ትንሽ ይነዝራል፣ ግን እሷ ናት፤ ያቺ በጨለማ የምታወራው።

"ሰለቸሁህ ወይ?"

"አልሰለቸሽኝም። አንድ ቀንም ሰልችተሽኝ አታውቂም።"

"ጮህክ" አለችኝ። "ጎረቤቱ ሰማህ።"

ይስማ አልኩ።

ትንሽ ዝም አለች፤ ዝምታዋን ትንፋሿ በብረቱ እየመጣ ስለነበር አልፈራሁትም። ከዚያ ጀመረች። ሚዜዎቹ ቀሚሱን ሲለኩ አንደኛዋ እንዴት ዚፑ እምቢ እንዳላት፣ የልጃችን ባል እንዴት ሦስት ሰዓት ሙሉ ቡና ማፍያውን ፈቶ መግጠም እንዳቃተውና ባለሙያ አልጠራም እንዳለ፣ የቁልፍ ሻጩ ማግባቱን፣ የፎቁ ሴትዮ ከባሏ ጋር መታረቋን። የሁለት ዓመት ወሬ ተጠራቅሞባታል። አንዳንዱን ከዚህ በፊት ነግሬህ ነበር ትላለች፣ ግድ የለም ድገሚው እላለሁ።

ክንዴ ደነዘዘ። አላወረድኩትም።